ክንድህን አምጣ

ሰው ሰውን የሚያውቀው በፊቱ ነው። እኔ በእግሩ ነው። ወልቂጤ መናኸሪያው አጠገብ ጫማ መሸጥ የጀመርኩት ጠጉሬ ገና ራሴ ላይ ሳለ ስለሆነ፣ ከሱቄ ደፍ ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን እግር ብቻ አይቼ ባለቤቱ ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ደሞዝ እንደወጣለትና እንዳልወጣለት፣ ወደ ቤቱ እየሄደ ይሁን ከቤቱ እየሸሸ ልነግራችሁ እችላለሁ። ፊት ይዋሻል። ተረከዝ አይዋሽም።

የራሴን እግር ያያችሁ እንደሆነ ግን ታዝኑልኛላችሁ። ጫማ ነጋዴ ጫማ አይገዛም። በር ላይ ለማሳያ ከምንሰቅለው ጥንድ አንዱ ይሰረቃል። ሌባው አንዱን ብቻ ወስዶ ምን እንደሚያደርግበት እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ወይ አንድ እግር ያለው ነው፣ ወይ በጣም ታጋሽ ነው። ብቻ የተረፈው ለኔ ይደርሰኛል። ስለዚህ ቀኜ ቡናማ፣ ግራዬ ጥቁር ሆኖ ከተማውን ስዞር ዓመታት አልፈዋል። ወልቂጤ ለምዶኛል፤ ዞር ብሎ የሚያየኝ ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ብቻ ነው።

ሌላው ስለኔ ልታውቁት የሚገባው ነገር ነጻ የሚባል ነገር አለመውደዴ ነው። ምርቃት የሚሰጥ ነጋዴ ዋናው ላይ ቆርጦ ወስዷል ማለት ነው። ይህን የማውቀው ካልሲ ስመርቅ እጄ ምን እንደሚሠራ ስለማውቅ ነው። እንግዲህ የኮሮና ክትባት ዘመቻ ከተማችን ገብቶ በድምፅ ማጉያ «ነጻ ነው፣ ያላችሁበት ድረስ እንመጣለን» ሲባል ምን እንደተሰማኝ ገምቱ። ደንበኛውን ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚለምን ሻጭ አይቼ አላውቅም፤ ካየሁም ዕቃው አልሸጥ ያለው ነው።

ይህን ሐሳቤን ለብቻዬ ብይዘው ደግ ነበር። አልያዝኩትም። ከሱቄ ቀጥሎ ብትን ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ፤ ከሳቸው ጋር በሻይ ሰዓት ሐኪም ሆንን። እሳቸው የጥቁር አዝሙዱ ክፍል ኃላፊ፣ እኔ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርቱ። ጫማ ሊለካ የመጣውን ሁሉ ስለ ፌጦ አስተምረው ነበር፤ አንድ እግሩን ጫማ ውስጥ ያስገባ ሰው የትም አይሄድምና ጥሩ ተማሪ ይወጣዋል። በመጨረሻ ከሐጂ ጋር እጅ ለእጅ ተመታትተን ቃል ገባን። «እኔ ካልተወጋሁ አትወጋ» አሉኝ። «እርስዎ ካልተወጉ አልወጋም» አልኳቸው። ገበያው ሁሉ ሰማ።

ከእናንተ ግን ምን እደብቃለሁ፤ ፌጦውም ዝንጅብሉም ሽፋን ነው። መርፌ እፈራለሁ።

ነገሩ በዚህ አድሮ ነበር፤ እናቴ ደወለች።

እናቴ የምትኖረው ከጉንችሬ ወረድ ብሎ ነው፣ እኖር አገር። ጉራጌ የትም ይሁን፣ ምንም ይሽጥ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚነግደው ለመስቀል መሆኑን መቼም ታውቃላችሁ። መስከረም ሲጠባ ሰውየው ሱቅ ውስጥ ቆሞ እግሩ ወደ አገሩ ይዞራል፤ ይህን እኔ በዓይኔ የማየው ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ ደግሞ የግቢያችንን ደመራ የምለኩሰው እኔ የበኩሩ ነኝ። ከተማ ውስጥ በሁለት ዓይነት ጫማ የሚሄድ ሰው፣ ያን ችቦ ሲጨብጥ የአገር ሽማግሌ ይሆናል። ከዓመት ዓመት የሚያቆመኝ ያ አንድ ምሽት ነው።

«ተወግተሃል?» አለችኝ፣ ሰላምታ ሳታስጨርሰኝ። በቋንቋችን ነበር ያወራነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው በርበሬው ጥቂት ቀንሷል።

«ምኑን?»

«የኮሮናውን። እኔ ተወግቻለሁ። ጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤቴ ድረስ መጥታ ወጋችኝ። ክንዴ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ነበር።»

«አበጀሽ፣ እማ።»

«ስለኔ አልጠየቅኩህም።»

ነጋዴ የማይመቸው ጥያቄ ሲመጣ በጥያቄ ይመልሳል። «ዝናቡ እንዴት ነው፣ በረታ?» አልኳት።

«ስማ ልጄ። ያልተወጋ ሰው የኔን ደጅ አያልፍም። ልጅም ይሁን፣ የልጅ ልጅም ይሁን።»

«እኔ በኩርሽ ነኝ እኮ። ደመራውን ማን ሊለኩሰው ነው?»

«ገብሬ አለ።»

ገብሬ ታናሼ ነው። ቡታጅራ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። መልካም ልጅ ነው፤ አልማውም። ግን ከልጅነታችን ጀምሮ የኔ ከሆነው ነገር ሁሉ ላይ ዓይኑ አይነሳም። ችቦውን ይዞ ከፊቴ ሲቆም ታየኝና የያዝኩት ጉርሻ ከእጄ ወደቀ።

«እማ፣ ይህ ነገር ሰው ያጋንነዋል እንጂ...» ብዬ ስጀምር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እናቴ በስልክ ስታወራ ጉንችሬና ወልቂጤ መካከል ያለውን አገር ሁሉ በጉሮሮዋ ልታቋርጥ የምትሞክር ሰው ናት፤ ዝቅ ስትል ነው የምፈራት።

«በሽታው በገባበት ዓመት አንዳችሁም አልመጣችሁም» አለች። «አትምጡ ተባላችሁ፤ አልፈርድባችሁም። ቅቤው ነበር። ቆጮው ነበር። ሥጋውም ነበር። ብቻዬን ቁጭ ብዬ በላሁ። ብቻ የተበላ ክትፎ ታውቃለህ አንተ? እስከ ዛሬ እዚህ ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። አሁንማ መድኃኒቱ መጣ። ሁላችሁም ደህና ሆናችሁ ትመጣላችሁ፤ ሁላችሁም ትሞላላችሁ። ዳግመኛ ብቻዬን አልበላም።»

ስልኩን ዘጋሁና እዚህ ላይ የምቀልድበት ነገር አጣሁ።

ባለቤቴ ብርቅነሽ ከጀርባዬ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። «እንግዲህ ነገ እኔና ልጆቹ እንሄዳለን» አለች። «አንተ ዝንጅብልህን ላስ።»

«እኔም እመጣለሁ።»

«የክትባቱ ድንኳን የት እንደተተከለ ታውቃለህ?»

ማወቄንስ አውቃለሁ። መናኸሪያው በር ላይ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ የፌጦ ተማሪዎቼ ሁሉ በሚያልፉበት ቦታ። ለዚህም መላ አበጀሁ። ኮሮና ከገባ ጀምሮ ማስክን የምሰቅላት አገጬ ላይ ነበር፤ የአገጭ ብርድ መከላከያ ናት እል ነበር። በማግሥቱ ግን እስከ ዓይኔ ሥር ሳብኳት። ባርኔጣ ደፋሁ። የዝናብ ካፖርት ደርቤ ክሳዱን እስከ ጆሮዬ አነሳሁ። መስታወት ፊት ስቆም ራሴን አላወቅሁትም። ትንሿ ልጄ ሚሚ፣ የስድስት ዓመቷ፣ አየችኝና «እማዬ፣ አባዬ ሌባ ሆኗል» አለች። ጥሩ ምልክት ነው ብዬ ወጣሁ።

ብርቅነሽና ልጆቹ ቀደም ብለው ተሰለፉ፤ እኔ የማላውቃቸው መስዬ ከኋላ ገባሁ። ፊቴን ለመደበቅ አንገቴን ደፋሁ። አንገቱን የደፋ ጫማ ነጋዴ ደግሞ ምን ያያል? እግር ነዋ። ከፊቴ ያለው ሰው ጭንቅላቱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ በፎጣው ላይ ማስክ አጥልቆ፣ በዚያ ላይ ጥቁር መነጽር አድርጓል። እግሩ ግን ሹል አፍንጫ ያለው ቡኒ ጫማ ውስጥ ነው። ጫማውን አውቀዋለሁ። ለአረፋ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ጠብቧቸው «ጣቴን ያዘኝ» ሲሉኝ «ይለጠጣል፣ ሐጂ» ብዬ የማልኩበት ጫማ ነው። አልተለጠጠም። ይኸው ቀኛቸውን ቀለል አድርገው ቆመዋል።

«ሰላም አለይኩም» አልኩ ድምፄን አቅጥኜ።

«ወአለይኩም ሰላም፣ ቡናማና ጥቁር» አሉኝ፣ ሳይዞሩ።

ያኔ ነው ወደ ታች ያየሁት። ከባርኔጣዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ የማይታወቅ ሰው ነኝ፤ ከዚያ በታች ግን መታወቂያ ካርድ ነኝ። በሕይወቴ ሙሉ ሰውን ሁሉ በእግሩ ሳውቅ የኖርኩ ሰውዬ፣ ልደበቅ ስል ፊቴን ሸፍኜ እግሬን ረሳሁት።

«ሐጂ፣ እርስዎም?»

«እኔማ ልጄን ላስወጋ ነው።»

«የታለ ልጅዎ?»

«ተወግቶ ሄደ።»

«ታዲያ እርስዎ ሰልፉ ላይ ምን ያደርጋሉ?»

«አላህን እያመሰገንኩ ነው። አንተስ?»

«እኔ ገበያ እያጠናሁ ነው።»

«ይሁን» አሉ ሐጂ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም አልን። መሐላ አብረው ያፈረሱ ሰዎች ዝምታ ከሌላው ዝምታ ይለያል፤ ይሞቃል። አንገታችንን እንደደፋን ሰልፉን አየነው። የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ቦት አለ። የማር ነጋዴው ሰንደል አለ። ስለ ነጭ ሽንኩርት ሁለት ጊዜ ያስተማርኩት የወፍጮ ቤቱ ልጅ ሸራ ጫማ አለ። ሁሉም ፊታቸውን ሸፍነዋል፣ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያሉ። ገበያው በሙሉ ከገበያው ተደብቆ መጥቶ ነበር።

ከፊት በኩል ለቅሶ ተሰማ። ሚሚ ናት። ብርቅነሽና ትልቋ ልጄ ተወግተው ጨርሰዋል፤ ሲስተሯ ግን ሚሚን «አንቺ ገና ነሽ፤ ይህ ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ለሆኑት ነው» ብላ መልሳታለች።

«አልፈራም እኮ» ትላለች ሚሚ እያለቀሰች። «እጄን እዪው፣ ዘርግቻለሁ። አያቴ አታስገባኝም።»

ሲስተሯ ግራ ገብቷት ብርቅነሽን አየቻት። ብርቅነሽ የአያትየውን ሕግ ነገረቻት። ሲስተሯ ሳቀችና የሕፃንነት ክትባቶቿን ጨርሳ እንደሆነ ጠየቀች፤ አንድም እንዳልቀረ ሲነገራት በየቤቱ ለፖሊዮ ሲዞሩ ሕፃናቱን የሚያቀልሙበትን እስክሪብቶ አወጣች። የሚሚን አውራ ጣት ያዘችና ጥፍሯን አጠቆረችላት። «የአንቺ ምልክት ይህ ነው። ለአያትሽ አሳያት።» ሚሚ እንባዋን ሳትጠርግ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ ቆመች። ከአንድ ቤት መርፌ ከለከሉኝ ብላ የምታለቅስ ልጅ፣ መርፌ ሊወጉኝ ነው ብሎ የሚንቀጠቀጥ አባት ሲወጣ እግዚአብሔር በኛ ይጫወታል እንጂ ምን ይባላል።

ሐጂ ከኔ በፊት ተወጉ። ትንፍሽ አላሉም፤ ጫማቸው ግን ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ተራዬ ደረሰ። ወንበሩ ላይ ስቀመጥ አፌ በራሱ ጊዜ ሥራውን ጀመረ።

«መጨረሻው ስንት ነው፣ ሲስተር?»

«ነጻ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱን ነው የምፈራው። ግማሹን ብቻ ብታደርጊልኝስ?»

«በግማሽ አይሸጥም። እጅጌዎን ይሰብስቡ። በየትኛው እጅዎ ነው ሥራ የሚሠሩት?»

«በሁለቱም ነው የምሸጠው።»

ግራዬን መረጠችልኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ቀዝቃዛ ነገር ክንዴን ሲነካኝ የመናኸሪያው ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮኽኩ።

«ጥጥ ነው፣ ጋሼ» አለች ሲስተሯ። «ገና አልነካሁዎትም።»

ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ። ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። «አትወጊኝም እንዴ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ጨርሻለሁ። ለሌላው ይነሱለት።»

እንግዲህ ሳይነኩኝ ጮኼ፣ ሲነኩኝ አላወቅሁም። እንባዬ ግን ሁለቱን ሳይለይ እየወረደ ነበር፤ ማስኬ ርሷል። ሚሚ መጥታ ባለ ቀለም ጣቷን ከነእጇ እጄ ውስጥ ከተተች። «አይዞህ አባዬ፣ አልቋል» አለችኝ። ሰልፉ በሙሉ ከየማስኩ ሥር ይስቃል። ሐጂ ጠጋ ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አይዞህ» አሉኝ፣ «ይለጠጣል።»

ያን ቀንና በማግሥቱ ክንዴ አመመኝ። ደስ እያለኝ ነው የታመምኩት። ሱቅ ውስጥ ሳጥን ሳወርድ ጮክ ብዬ አቃስት ነበር፤ ያላመመው የመሰለኝ ሰው እንዳይኖር። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ጠፋ፤ እኔም ረሳሁት። ካርዴን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ አኖርኩና መስቀልን መጠበቅ ጀመርኩ። ሰው ማለት እንዲህ ነው፤ የሚያስፈልገውን ዕቃ መጣሉን የሚያውቀው ሲፈለግበት ነው።

አገር ልንሄድ ዕቃ ስናስር ገብሬ ደወለ። ቀድሞን ከቡታጅራ ገብቷል፤ የቀደመኝ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

«የት ነህ?» አልኩት።

«አገር ቤት ነኝ። ጎረቤት ነኝ። ጥጃ ቤት ነኝ።»

«ምን ትሠራለህ ጥጃ ቤት?»

«አስወጣችኝ። ካርዴን አሳየኋት፤ ገለበጠችው፣ አሸተተችው፣ መለሰችልኝ። ወረቀት ክንዱን አያመውም፣ ክንድህን አምጣ አለችኝ። ስትጫነኝ እኔ ሞኙ ጀግና ልሁን ብዬ ሳቅሁ። ያልታመመ ክንድ ያልተወጋ ክንድ ነው ብላ አስወጣችኝ።»

«ገብሬ፣ ለመሆኑ ተወግተሃል?»

ከጀርባው ጥጃው ተነፈሰ።

«ካርድ አለኝ አልኩህ እኮ» አለኝ።

ገብሬ መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ ማህተም ያለበትን ነገር ዋናውን ሳይነካ ማግኘት ያውቅበታል። የሱን ተውት። የኔን ጉድ ነው ማየት። ስልኩን እንደዘጋሁ ግራ ክንዴን ጫን አደረግሁት። ምንም። ብርቅነሽን ጠራሁና «ጫኝው» አልኳት። በክርኗ ጫነችው፤ ደስ እያላት ይመስለኛል። ምንም። ለእማ ደወልኩ።

«እማ፣ ሕመሙ እኮ በሁለት ቀን ይለቃል።»

«የኔ እስከ ዛሬ አለ» አለችና ዘጋችው።

እማ ክንዷ ላይ ያለው ቁርጥማት እኔ ከመወለዴ በፊት የጀመረ ነው። ይህን ግን ለእናት በስልክ አይነግሯትም፤ በአካልም አይነግሯትም።

ሚኒባስ ውስጥ ክንዴን ለማሳመም ያልሞከርኩት የለም። በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ከእምድብር በኋላ መኪናው በዘለለ ቁጥር ክንዴን ለብረቱ ሰጠሁት። ብረቱ ራሱ አዘነልኝ መሰለኝ፣ አላመመኝም። ጉንችሬ ልንደርስ ስንል አንድ ሐሳብ መጣልኝና ልቤ ረጋ። እኔ ማን ነኝ? በየቀኑ «በዚህ ዋጋማ ደሜን ነው የምሸጥልህ» እያልኩ፣ ዓይኔ እንባ እስኪያቀርር ደንበኛ ፊት የማለቅስ ሰው አይደለሁም? ጫማ ላይ ያለቀስኩ ክንድ ላይ ማልቀስ ምን ያቅተኛል? ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ተወግቻለሁ። እውነት ለሆነ ነገር ትንሽ ቀለም መቀባት ነው።

ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ሰፊ የሣር ጎዳና፣ ጀፎረው፣ በዘመድ ተሞልቶ ደረስን። አጎቶቼ አሉ፣ የአጎቶቼ ልጆች አሉ፣ ለነገ ምሽት የሚተከለው የደመራ እንጨት ተጋድሟል። ገብሬ ከጎረቤት አጥር በላይ አንገቱን አውጥቶ ያያል። እማ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ሴቶቹን በቃላቸው አመነቻቸው፤ ብርቅነሽ «ተወግቻለሁ» አለች፣ ገባች። ትልቋ ልጄም እንዲሁ። ሚሚ አውራ ጣቷን ዘርግታ ሄደች። ብዙ ቀን እንዳይለቅባት በዚያች እጅ ውኃ አልነካም ብላ ስለነበር ቀለሙ ከቆሻሻ ጋር ተዋህዶ በደንብ ይታያል። እማ ጣቷን ተመለከተች፣ ሳመችው፣ አስገባቻት።

እኔ ደረስኩ። ልስማት ጎንበስ ስል በመዳፏ ደረቴን ያዘችኝ።

«ክንድህን አምጣ።»

የቱን እንደምሰጣት ሳላስብ እሷ የቀረባትን ያዘች። ጫን አደረገችው። ጫን ከማድረጓ እኔ ጀመርኩ። «ወይኔ ክንዴ» ብዬ በአንድ ጉልበቴ ተንበረከክሁ። ጥርሴን ነከስኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። የአጎቴ ልጅ «እግዚኦ» ሲል ሰማሁትና ጨመርኩበት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ቀን አድርጌ ጫማ ብሸጥ ዛሬ ፎቅ ሠርቼ ነበር።

ከቤት ውስጥ የሚሚ ድምፅ መጣ። «አባዬ፣ እሱ አይደለም እኮ። በግራህ ነው የተወጋኸው።»

እማ ቀኝ ክንዴን ለቀቀችው።

«የቱ ነው?» አለችኝ።

«ሁለቱም ነው» አልኳት። ነጋዴ ሲያዝ ምርቃት ይጨምራል።

ግራዬን ያዘችና ጫነችው። አሁን ማልቀሱም እምቢ አለኝ። እንባዬን በቀኙ ላይ ጨርሼዋለሁ።

«አላመመህም» አለች።

«አልፎልኛል፣ እማ።»

«እንግዲያ አልተወጋህም።»

ካርዴን ከነላስቲኩ አወጣሁ፤ ዓይኗንም አልጣለችበት። ገብሬ ከአጥሩ ላይ ሆኖ «ወንድሜ፣ እዚህ ቦታ አለ» አለኝ። «ጥጃው ፈቀቅ ይልልሃል።» ሰው ሳቀ። እማ አልሳቀችም። የተጋደመውን ደመራ አየች፣ እኔን አየች፣ ገብሬን አየች። ልጆቿ አንዱ ካጥር ውጪ፣ አንዱ ከደጅ ውጪ ሆነን፣ ፊቷ ላይ ያ ብቻዋን የበላችበት ዓመት ሲመለስ አየሁት። ያኔ ነው የምሬን የደነገጥኩት።

ሚሚ ወጥታ በመካከላችን ቆመች። «ተወግቷል» አለች። «እኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሳይነኩት ጮኸ። ሲስተሯ ጥጥ ነው ጋሼ፣ ገና አልነካሁዎትም አለችው። ከዚያ ስትወጋው አላወቀም፣ አትወጊኝም እንዴ አላት። ከዚያ አለቀሰ፣ ማስኩ ራሰ። እኔ እጁን ያዝኩት። ሐጂ ይለጠጣል አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀበት።»

ይህን ሁሉ በአጎቶቼ ፊት። በአጎቶቼ ልጆች ፊት። በገብሬ ፊት። ሐጂ ምን እንዳሉኝ እንኳ አልቀረባትም።

«ሳይነኩት ጮኸ?» አለች እማ።

«አዎ። በጣም።»

የእማ ፊት ቀስ እያለ ፈታ። «ይህማ የኔው ልጅ ነው» አለች ወደ ዘመዶቹ ዞራ። «ትንሽ ሳለ እሾህ ላወጣለት መርፌ ይዤ ስመጣ ገና ከበሩ ላይ ነበር ጩኸቱን የሚጀምረው። ይህን ደግሞ ሕፃን ፈጥራ አታወራውም። ግባ አንተ።»

ገባሁ። ክብሬ ውጪ ቀረ፤ እሱን ማንም አልጠበቀውም።

በማግሥቱ ጠዋት ገብሬ ማንንም ሳይሰናበት በእግሩ ጉንችሬ ወጣ። ሲመለስ ግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ደግፎ ነበር፤ እማ አያያዙን አየችና ለጊዜው ከደጃፉ ፈቀቅ አለችለት። ማታ ደመራውን እኔ ለኮስኩ። ችቦው እጄ ሲገባ የአገር ሽማግሌ ሆንኩ ልላችሁ ነበር፤ ግን ሽማግሌዎቹ ሲመርቁኝ፣ «ከክፉ ይሰውርህ፣ ከጠላት ይሰውርህ» ካሉ በኋላ አንደኛው አጎቴ «ከጥጥም ይሰውርህ» አለ። አሜን አልኩ። ምን ልበል።

በመስቀል ዕለት ክትፎው በየጣባው ቀረበ፣ ቆጮው ተቆረሰ፣ ሁላችንም ዙሪያውን ተቀመጥን። እማ አልበላችም። ዓይኗን ከአንዱ ወደ አንዱ እያዞረች ቆየች። ገብሬ ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ወደ እሱ ዞረችና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፉ ውስጥ ከተተችለት። በቀኟ እያጎረሰች በግራ እጇ ክንዱን ጫን አደረገችው።

ገብሬ አፉ በክትፎ እንደተሞላ ጮኸ። የትወና ጩኸት አልነበረም፤ የታረደው በሬም እንደዚያ አልጮኸም።

እማ ጣቶቿን ላሰች፤ ከጣባው ለራሷ አነሳችና ጎረሰች። አላመጠች፣ ዋጠች፣ መዳፏን ጉሮሮዋ ላይ አኖረች።

«ይኸው» አለች፣ «አሁን ወረደልኝ።»